መሪጌታ ካሜራ ምን ያደርግላቸዋል?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስጦታ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ለልጅ አላልኩም፤ ለልጅ ማንም ይገዛል። ለሙሽራም አላልኩም፤ ለሙሽራ ብርድ ልብስ ነው፣ አለቀ። እኔ የምለው ምንም ለማይፈልግ አዛውንት ነው። «ምን ልግዛልዎ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምን ጎደለኝ?» ለሚል ሰው። ጋቢ ብትሰጡት በሳምንቱ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ የምታገኙት፣ ጫማ ብትገዙለት «የቀድሞው ምን ሆነ?» ብሎ አልጋ ሥር የሚያኖር። አባቴ እንደዚህ ናቸው። እኛ ልጆቻቸውም መጠየቁን ከተውነው ቆይተናል። ዝም ብለን እንገዛለን፣ እሳቸውም ዝም ብለው ተቀብለው ይመርቁናል። ምርቃቱ ይረዝማል፤ ዕቃው ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ዘንድሮ ግን ገዝቶ መመረቅ ብቻ አይበቃም ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። አዘዞ ሰፈራችን ላለው ደብር ዜማ ያስተምራሉ። በቤተ ክህነት አነጋገር «ወንበር አላቸው» ይባላል። እሳቸው ግን የሚቀመጡት እኛው ግቢ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ ነው፤ ወንበር የሚባለው የማስተማር ማዕረጉ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያ መደብ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ጎረቤቶቻችን በዶሮ ሲነቁ እኛ በተማሪ ድምፅ ነበር የምንነቃው። አንዳንዱ ተማሪ ድምፁ ከዶሮውም ይብስ ነበር፤ እሱን እንተወው።

ታዲያ ዓይናቸው ደከመ። መነጽር ቀየርን። እንደገና ቀየርን። በመጨረሻ ሐኪሙ «የዓይን ጀርባ ሲያረጅ መነጽር አይደርስለትም» አለን። አባቴ «ተመስገን» ብለው ወጡ። እኛም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለን። ለካ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለደብሩ አስተዳዳሪ «ከፋሲካ በኋላ ወንበሩን ለሌላ መምህር ስጡልኝ» ብለዋል። ለኛ ለልጆቻቸው ትንፍሽ አላሉም። ለእኔ የነገረችኝ አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቴ ትርንጎ ናት፤ እሷም የሰማችው ከጎረቤት ነው።

እኔ ፈራሁ። ምን እደብቃችኋለሁ? እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴን ጠዋት ከአልጋቸው የሚያነሳቸው ያ መደብ ነው። ወንበራቸውን ያስረከቡ መምህራን አይቻለሁ። ከደብሩ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ፣ ሰላም ሲሏቸው ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ተመልሰው መሬት መሬቱን ያያሉ። አባቴን እዚያ ቅጥር ሥር ማየት አልፈለግሁም። ያ ብቻ ነው ሐሳቤ።

ሦስት ልጆች ተማከርንና ወሰንን። አባባ ወንበሩን የሚለቁት ማንበብ ስላቃታቸው ነው አልን። ማን ነገረን? ማንም አልነገረን። ጠየቅናቸው? አልጠየቅናቸውም። መጻሕፍታቸውን በሁለት ጣት ተከፍቶ ፊደሉ በሚያድግ ታብሌት ላይ ብንጭንላቸው ነገሩ ሁሉ ይፈታል አልን። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ካርታ እንዴት እንደሚጎላ አውቃለሁ። ፊደልስ ከካርታ በምን ይለያል?

ታብሌቱ ደግሞ ትንሽ መሆን ነበረበት። አባቴ ከቆዳ ማኅደር ውጪ በሌላ ነገር መጽሐፍ አይዙም። ማኅደር እንግዲህ መጽሐፍ ገብቶበት በትከሻ የሚንጠለጠለው የቆዳ ከረጢት ነው። ቦርሳ ገዝተንላቸው ትርንጎ ሽንኩርት ትይዝበታለች። መጽሐፉን ለተማሪ ሰጥተውት ባዶውን የተሰቀለ አንድ ማኅደር ነበራቸው። ትርንጎ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ አውርዳ በስንዝር ለካችልኝ። የሷ ስንዝርና የእኔ ስንዝር አንድ ስላልሆነ ግን በስልክ ተጣላን።

ምርጫው የተጀመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ወንድማችን ጌትነት አዲ አርቃይ ነው የሚኖረው፤ የጭነት ማኪና ይነዳል። ስልክ ደውዬ የትኛውን ልግዛ ስለው «ባትሪውን ተመልከች» አለኝ። «ስክሪኑስ?» አልኩት። «ምነው እቴ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ነገር ለአባባ ይሰጣል? ሸጋ ባትሪ ያለው ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም» አለ። በመንገድ ላይ ስልኩ እየጠፋበት የሚቸገር ሰው ነውና አልፈረድኩበትም። ትርንጎ ደግሞ «ካሜራው ጥሩ ይሁን» አለች። «ለምን?» ስላት «አባባን ፎቶ አነሳቸዋለሁ» አለች። እሷ እንኳን አባባን፣ የሰራችውን ሽሮም ፎቶ ሳታነሳ አትበላም። ስቄ ዘጋሁባት።

ፒያሳ ወረድኩ። ከገባሁበት ሱቅ ሁሉ የቆየሁት ስንታየሁ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ነው። በፈተና ላይ ተከዜን ወደ ጣና ያፈሰሰው ስንታየሁ ይሄውላችሁ ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከፍቷል፤ እኔ ደግሞ ተከዜን በትክክል አፍስሼ ደንበኛው ሆኛለሁ። «ቲቸር!» ብሎ ከመስታወቱ ጀርባ ተነሳ። ጉዳዬን ሰማና መጀመሪያ ያወጣልኝ ምን ይመስላችኋል? ዙሪያውን ሮዝ ጎማ የለበሰ፣ ሁለት የዝሆን ጆሮ ያለው ታብሌት። «ቢወድቅም አይሰበርም» አለኝ። አባቴን ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የዝሆኑን ጆሮ ይዘው አሰብኳቸው። እሱም አብሮኝ ሳያስብ አልቀረም፤ ቶሎ መልሶ ከታው።

ከዚያ ሦስት ደረደረልኝ። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነበር፣ እንደ ብስኩት። ፊደሉን ሳጎላው ግን ጠርዙ እየተቆራረጠ «ሀ» እና «ሰ» የተጣሉ ይመስላሉ። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ስክሪኑ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ባትሪውም ጠንካራ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ቀጭን፣ የሚያምር፣ ስንታየሁ ራሱ እንደ ልጁ የሚያሻሸው ነበር። «ቲቸር፣ የዚህን ካሜራ ይዩት። የዚያኛው ካሜራ እኮ አለ ለመባል ያህል ነው» አለኝ።

የዚያን ጊዜ ነው ያቺን ነገር ያልኩት። መነጽሬን አውልቄ፣ እንደ አዋቂ ሰው ቀና ብዬ፣ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እየሰሙ «መሪጌታ ካሜራ ምን ያደርግላቸዋል?» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። ስንታየሁም ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። በባዶ ዓይኔ የሦስቱንም ፊደል እያጎላሁ አነጻጸርኩ፣ ወደ ፀሐይ አወጣሁ፣ ወደ ጥላ መለስኩ፣ ክብደቱን በእጄ መዘንኩ፣ በስንዝሬ ለካሁ። ጎበዝ አይደለሁም? ሁለተኛውን ይዤ ወጣሁ። ስክሪን ለእኔ፣ ባትሪ ለጌትነት። ለትርንጎ ምንም።

ጌትነት ለእሑድ መጣ። አባቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉን። መጻሕፍታቸውን አንድ በአንድ ከፍቼ አሳየኋቸው። በሁለት ጣቴ አንዱን ፊደል ስከፍተው የስክሪኑን ግማሽ ሞላው። አባቴ ጎንበስ አሉ። ከዚያ አንድ መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። ከቃላቸው ሳይሆን ከፊደሉ። ጌትነት ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ እያለቀሰ ነበር። እኔም አልቻልኩም። አባቴ «ሸጋ ነው ልጆቼ፣ ሸጋ ነው» አሉና ምርቃታቸውን ጀመሩ። ምርቃቱ ሲያልቅ ታብሌቱን ባዶው ማኅደር ውስጥ አስገቡት። ልክክ አለ! በትርንጎና በእኔ ስንዝር መካከል ያለውን ክርክር አሸነፍኩ ማለት ነው። ከዚያ ማኅደሩን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

እዚያው ተሰቅሎ ዋለ። በማግስቱም። በሳምንቱ ደውዬ «ያነቡበታል?» ስላት ትርንጎ «ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን ያደርሱበታል፣ ከዚያ ይሰቅሉታል» አለችኝ። «ስለ ወንበሩስ?» አልኳት። «ያው ነው» አለች። ሐሳባቸውን አልለወጡም ነበር።

የቤቱ ሕግ ግን ተለውጦ ነበር። ጸሎት የተጫነበት ነገር ጸሎት ነው ብለዋል አባቴ። መሬት አይቀመጥም። ጀርባ አይሰጠውም። ዘፈን አይከፈትበትም። ትርንጎ የጓደኛዋን ሠርግ ቪዲዮ ልታይበት ሞክራ ከነማኅደሩ ተነጥቃለች። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ አባቴ እየሳቁ «ይህ በጾም ከቅዳሴ በፊት ይበላል እንዴ?» ይላሉ። ቀልድ ይሁን አይሁን አልታወቀም፤ ትርንጎ ለማንኛውም በጾሙ ቻርጅ የምታደርገው ከሰዓት በኋላ ሆነ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የቤተ ክህነት ሰው መጽሐፍን ዝም ብሎ አይከፍትም። መጀመሪያ ይሳለመዋል። ግንባሩን ያስነካል፣ ከንፈሩን ያስነካል፣ ከዚያ ይከፍታል። አባቴ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ እጃቸው ሳያዝዙት ያደርገዋል። ታብሌት ደግሞ ምን ያውቃል? የነካው ሁሉ ያዘዘው ይመስለዋል። አባቴ ስክሪኑን ያበሩና ይሳለማሉ፤ ታብሌቱም «እሺ» ብሎ የሆነ ነገር ይከፍታል። አንድ ቀን ሒሳብ ማሽኑ ተከፍቶ ትርንጎ ረጅም ቁጥር አገኘችበት፤ የግንባራቸው ነው። ሌላ ቀን ደወል ሞልተውት ኖሮ በጸሎቱ መሐል እንደ ሠርግ ቤት ጮኸ። አባቴ አልተቆጡም። «ገና ሥርዓት አልተማረም» ብለው መሳለማቸውን ቀጠሉ። ስንታየሁ ስለ ስክሪን፣ ስለ ሜሞሪ፣ ስለ ባትሪ ሁሉን ነግሮኛል፤ ሲሳለሙት ምን እንደሚሆን ግን አልነገረኝም። በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይነግረኛል?

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ አዘዞ ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ግቢው ስጠጋ የአባቴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ዜማ አይደለም፤ ቁጣ ነው። ደነገጥኩ። አባቴ ከተቆጡ ስንት ጊዜያቸው! ገባሁ። መደቡ ላይ የሉም። ደጅ ፀሐዩ ላይ አጎዛቸውን አስነጥፈው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው፣ ራቅ ብሎ፣ ትልቁ ተማሪያቸው ዲያቆን ይትባረክ ደብተሩን እንደ መስተዋት በሁለት እጁ ወደሳቸው ገልጦ ይዟል። አባቴ ታብሌቱን አንስተው በሱ ውስጥ ደብተሩን ያያሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» ይላሉ አባቴ። «ድፋት ነው፣ የኔታ» ይላል ይትባረክ። «ድፋት ነው የሚገባው። አንተ ያስገባኸው ግን ጭረት ነው! ወደ ታች ውረድ። እሱስ? ምልክቱን የት ጣልኸው?» ይትባረክ በዚያ ፀሐይ ላቡ ይወርዳል። ሌሎቹ ተማሪዎች ደብተራቸውን ከጋቢያቸው ሥር ደብቀው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዕለት ጠዋት አባቴ እንደ ልማዳቸው ሲሳለሙ ከንፈራቸው ያረፈው የካሜራው ምልክት ላይ ኖሯል። ቀና ሲሉ ስክሪኑ ላይ ጸሎቱ የለም። በሩ ላይ በፀሐዩ ተቀምጦ የሚያጠናው ይትባረክ የገለጠው ደብተር አለ፤ ከነቀይ ቀለሙ፤ በሁለት ጣት ሲከፍቱት ደግሞ አደገ።

ዜማ ተማሪ ደብተሩን በገዛ እጁ ነው የሚጽፈው። ከቃሉ በላይ ድፋት፣ ጭረት የሚባሉ ደቃቅ ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ድምፅ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወርድ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ከጉንዳን ያንሳሉ። መምህሩ እያንዳንዷን አይቶ ያርማል። አባቴ እነዚያን ማየት ካቃታቸው ቆይቷል። መጻሕፍታቸውማ አብዛኛው በቃላቸው ነው፤ የእኔ የጎላ ፊደል ጸሎታቸውን ደስ አሰኘው እንጂ የልባቸውን ጉዳይ አልነካውም። የሚያሳስባቸው የራሳቸው ንባብ አልነበረም።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ወንበሩን እለቃለሁ ያሉት ለዚህ ነው?» አልኳቸው። በሕይወቴ መጀመሪያ መሰለኝ የጠየቅኳቸው።

«ድምፁን እሰማለሁ ልጄ» አሉኝ። «ድምፁ ልክ ነው። የጻፈውን ግን በምን ልስማው? እፊቴ ሆኖ ደኅና ያዜማል። ነገ አገሩ ገብቶ ሲረሳ የሚያምነው ደብተሩን ነው። እሱም ያንኑ ያስተምራል። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ከምሰደው፣ የሚያይ መምህር ያግኝ አልሁ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ የምናዝነው አባታችን ማንበብ አቃታቸው ብለን ነው። እሳቸው ያዘኑት ለይትባረክ ነው። ገና ላልተወለዱት ለይትባረክ ተማሪዎች ነው። እዚያው አጎዛው ዳር ተቀምጬ አፈርኩ፤ ደግሞም ኮራሁ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ።

ከዚያ ምን ትዝ አለኝ? ካሜራው! አለ ለመባል ያህል ያለው ካሜራ! እውነትም ደካማ ነው። ጥላ ውስጥ አያይም፤ ለዚህ ነው ጉባኤው ፀሐይ ላይ የወጣው። ደብተሩ ሲጠጋው ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው ይትባረክ ራቅ ብሎ የተቀመጠው። ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስንታየሁ ሱቅ ሄድኩና ያንን ባለ ጥሩ ካሜራ እንዲለውጥልኝ ለመንኩት። ስንታየሁ ትክ ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ መሪጌታ ካሜራ ምን ያደርግላቸዋል ብለውኝ አልነበር?» አለኝ። የተከዜን ጉዳይ ተበቀለኝ። ግን ደግ ልጅ ነው፣ እለውጣለሁ አለ።

አባቴ ግን እምቢ አሉ። «የተሳለምሁትን ለሱቅ እመልሳለሁ?» አሉኝ። አልመልስም ማለት ነው። ስለ ካሜራው ጥራት ባስረዳ፣ ባስረዳ፣ ወይ ፍንክች። «ደግሞም ተግባብተናል» አሉ። «ሲቀርቡት አያይም፣ ሲርቁት ያያል፣ ፀሐይ ይወዳል። ከእኔ በምን ይለያል?» ምን ትመልሳላችሁ? ለስንታየሁ «ተወው» አልኩት።

ፋሲካ አለፈ። አስተዳዳሪው ስለ ወንበሩ ሊነጋገሩ ቤት ድረስ መጡ። ትርንጎ ጠላውን እየቀዳች ጆሮዋን ጥላለች፤ እኔ ከጓዳ ቆሜያለሁ። አባቴ ታብሌቱን ከማኅደሩ አወጡ፣ ተሳለሙት፣ ወዲያው ካሜራው ተከፈተላቸው፤ አሁን የት ጋ እንደሚሳለሙ አውቀውታል። «አባታችን፣ ገና ነው» አሉ። «ማየት የጀመርሁ አሁን ነው። የነዚህን ልጆች ስሕተት አርሜ ስጨርስ አስረክባለሁ።» አስተዳዳሪው «መቼ ይጨርሳሉ?» አሉ። አባቴ «እነሱ መሳሳት ሲተዉ» አሉ።

እንግዲህ ከዚህ ምን ትማራላችሁ? ስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ ልላችሁ ነበር። ግን ብጠይቃቸው ኖሮ «ምን ጎደለኝ?» ነበር የሚሉኝ፤ ይሄኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። አወዳድሩ እንዳልላችሁ፣ እኔ አወዳድሬ የጣልኩት ነገር ነው የጠቀማቸው። ምክር የለኝም። ትርንጎ ግን «ካሜራ ብዬ ነበር» እያለች እስከ ዛሬ ታሳብደኛለች፤ የአባባንም ፎቶ እስካሁን አላነሳችም፤ ማን አስነክቷት!

ባለፈው ሰሞን ከአዘዞ ስመለስ ዲያቆን ይትባረክ እስከ በሩ ሸኘኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ድሮ በጆሮ ብቻ ያለፈለት ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና እየታረመ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ «ምንም አይደል» ልለው ተዘጋጀሁ።

«እትዬ» አለኝ ዙሪያውን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ምነው፣ እዚያ ሱቅ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም?»